በሃያ አራት ሺህ ሺሊንግ የገዛሁት ጆሮ

ሃያ አራት ሺህ ሺሊንግ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ጋደም ብያለሁ፣ እንቅልፍ ግን የለም። ካጣሁት ሦስት ቀን ሆነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ፀሐይ በመጋረጃው ጠርዝ ገብታ እግሬ ላይ ተቀምጣለች፣ በዚህ ሰዓት እኔ የምተኛ ሰው አይደለሁም፣ በዚህ ሰዓት የአሠሪዬን የእትዬ አስናቀችን ሬስቶራንት የጠረጴዛ ልብሶች የምተኩስ ወይም የልጃቸውን የቤቲን ክፍል የምወለውል ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን እትዬ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰዱና "ሂጂ ትንሽ ጎንሽን አሳርፊ" አሉኝ፣ በአንድ ዓመት ከስድስት ወር ውስጥ መጥረጊያ ከእጄ ወስደው አያውቁም። ሄድፎኑ ምንም እያሰማኝ አይደለም። ዝም እንዲል አድርጌዋለሁ። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ስጫናት የናይሮቢው ሰፈራችን የኪሌሌሽዋ መኪና ይጠፋል፣ የግቢው ዘበኛ ሬዲዮ ይጠፋል፣ የላይኛው ፎቅ ልጆች ሩጫ ይጠፋል፣ ከግድግዳው ወዲያ ሳሎን የተቀመጡት ሦስት ሰዎችም ይጠፋሉ። ከቤተ ክርስቲያናችን የመጡ ናቸው፣ እህት ኤልሳቤት፣ ጋሽ ታዴዎስ፣ ደግሞ ስማቸውን የማላውቀው አንድ ሽማግሌ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ለምን እንደመጡ አውቃለሁ። እንደማውቅ ግን እነሱ አያውቁም። እናቴ ሞታለች።

ይህን ነገር መግዛት ነበረብኝ ወይ እያልኩ ነው የማስበው። ሰው እናቱ ሞታ ስለ ሄድፎን ዋጋ ያስባል? እኔ ግን እሱን ነው የማስበው፣ ሌላውን ልጀምር ስል ሐሳቤ ተመልሶ እዚያው ይቆማል። መጀመሪያ ያደረግሁት የቤቲን ነበር። ቤቲ እኩያዬ ናት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ተወልዳ ነው ያደገችው፣ አማርኛዋ መሃል ላይ ሲደርስ ወደ እንግሊዝኛ ይታጠፋል። የእሷ አዲስ ነው፣ ዌስትላንድስ ካለ ትልቅ ሱቅ በሃምሳ ሁለት ሺህ ነው የተገዛላት፣ ሶፋው ላይ ጥላው ትሄዳለች፣ አንድ ጊዜ ከትራሱ ልብስ ጋር ጠቅልዬ ላጥበው ትንሽ ነበር የቀረኝ። አንድ ጠዋት ሁሉም ወጥተዋል ብዬ አነሳሁትና ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ቤቱ በሙሉ ጠፋ። ፍሪጁ እንኳ ጠፋ፣ ፍሪጅ እንደሚጮህ ያወቅሁት ዝም ሲል ነው። ትንፋሼን ሰማሁ። ዘወር ስል ቤቲ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"አትደንግጪ፣ ኢትስ ኦኬ" አለች። "ስልክሽን አምጪ፣ ላገናኝልሽ። መዝሙር ክፈቺ፣ ታያለሽ።"

መዝሙር አልከፈትኩም። ጣቴ ለምን እዚያ እንደሄደ አላውቅም፣ እናቴ ድምጿን ቀድታ የላከችልኝን አንድ የቆየ ቮይስ ነካሁት። ቤቲ ፊቴን አይታ "እያለቀስሽ ነው እንዴ? ምንድን ነው የምትሰሚው?" አለች፣ እኔም "መዝሙር ነው" አልኳት፣ እሷም "ኤክስፔንሲቭ መዝሙር" ብላ ሳቀችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

እናቴ አስካለ ድምፅ አልነበራትም። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት እያደገ ድምጿን ተጫነው፣ እኔ ከአገሬ ከዱራሜ ስወጣ ገና ጎርነን ያለ ብቻ ነበር፣ ናይሮቢ ከገባሁ በኋላ በየወሩ እየሳሳ ሄደና ሹክሹክታ ሆነ። የእኔ ስልክ ደግሞ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ ድምፅ ሲያወጣ ይንጫረራል፣ ወንድሜ ታመነ ሲናገር ይሰማል፣ እሱ ባጃጅ ነጂ ስለሆነ ሁልጊዜ እንደጮኸ ነው፣ እናቴ ግን ስትናገር ሻካራ ነፋስ ብቻ ነው የሚመጣው። "ምን አልሽ እማዬ?" እላለሁ፣ ትደግመዋለች፣ "ምን አልሽ?" እላለሁ፣ ትደግመዋለች፣ ሲደክማት "ምንም" ትላለች። ስትደክም መስማት ሲከብደኝ "እሺ" ማለት ጀመርኩ። ያልሰማሁትን ሁሉ እሺ፣ እሺ፣ እሺ እማዬ። ያን ቀን በቤቲ ሄድፎን የሰማሁት ቮይስ ከአራት ወር በፊት የመጣ ነው፣ ያኔም እሺ ብዬ መልሼለታለሁ። "ሐሊና፣ እዚያ ፀጉርሽን ማን ይሠራሻል?" ነው የሚለው። እሺ አልኳት። ጥያቄው ካለቀ በኋላ ደግሞ ጣቷን ከስልኩ ላይ ማንሣት ረስታለች፣ በእኔ ስልክ ባዶ የሚመስለው ቦታ ባዶ አይደለም፣ ትንፋሿ አለበት፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ዶሮዋን "ውጪ አንቺ" ትላታለች፣ ዶሮዋ ስትወጣ እንኳ ይሰማል። ሰባት ጊዜ ሰማሁት። የቤቲ ክፍል ሳይወለወል ዋለ፣ እትዬም ማታ "ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ከልብስ፣ ከጫማ፣ ከምንም አልፎ ያንን ነገር ፈለግሁ፣ እናቴ በቀጥታ ስትደውል ጆሮዬ ላይ አድርጌው አንድ ጊዜ እንኳ ምን አልሽ ሳልላት እንድናወራ። ሰዎች ሉቱሊ የሚባለው ጎዳና ላይ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ይሸጣል፣ ኤክስ ዩኬ ይሉታል አሉኝ። በእረፍቴ ቀን በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ወርጄ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ሱቁ በር ላይ ያለው ሰውዬ ለሁሉም ይጣራል፣ እኔ ደግሞ የሚጣራ ሰው እፈራለሁ። ሦስት ጊዜ አለፍኩት። በአራተኛው "ቤይ ጋኒ" አልኩ፣ ዋጋው ስንት ነው ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ሰውዬው ሳቀ። "አንቺ ሲስታ፣ ስትመላለሺ ሳይሽ ከከተማው አስተዳደር ልትቀጪኝ የመጣሽ መስሎኝ ነበር" አለ፣ ከስዋሂሊው ግማሹ ነው የገባኝ፣ ግማሹን ከሳቁ ነው የተረዳሁት። ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ፣ ቁልፏን ተጫነ፣ ሉቱሊ በሙሉ አፉን ዘጋ፣ የሰውዬው ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሃያ አራት ሺህ አለ። አልተከራከርኩም፣ መከራከር አልችልም። በኤምፔሳ፣ በስልክ ገንዘብ፣ ስከፍል የእሱ ስልክ ላይ ስም መጣና "አስናቀች? አንቺ ነሽ?" አለኝ። ወረቀት ስለሌለኝ ሲም ካርዱ የወጣው በእትዬ ስም ነው፣ እዚህ አገር በስሜ ያለ አንድም ነገር የለም። "ንዲዮ" አልኩት፣ አዎ ማለት ነው። አስናቀች ሆኜ ገዛሁት፣ ሐሊና ሆኜ ይዤው ተመለስኩ።

እትዬ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። "ደመወዟን ጆሮዋ ላይ አንጠልጥላ መጣች፣ እዩልኝ" አሉ፣ ቤቲም "ማሚ፣ ተያት ባክሽ፣ የራሷ ገንዘብ ነው" አለች። "ገንዘቡማ የራሷ ነው፣ እናቷስ?" አሉ እትዬ። በክፋት አልነበረም። ግን እስካሁን ይሰማኛል፣ ይህ ቁልፍ የማያጠፋው ድምፅ እሱ ነው። እናቷስ። ሐኪሙ ሐዋሳ ሄዳ እንቅርቱን ታስወጣ ብሎ ነበር፣ ታመነም መኸር ይግባ፣ ከዚያ እንወስዳታለን ብሎኝ ነበር፣ እኔ በየወሩ እልክ ነበር፣ የዚያን ወር ግን አልላክሁም። ደመወዜ ዘግይቷል አልኩት። "ችግር የለውም እህቴ፣ ለራስሽ እያሰብሽ" አለኝ። እኔ ነኝ ቀድሜ የዋሸሁት። በዚያ ብር ሐዋሳ ትደርስ ነበር? አላውቅም። ስልኬ ላይ በብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን አየሁና ቶሎ ዘጋሁት፣ ከዘጋሁት በኋላ ግን ቁጥሩ ዓይኔ ላይ ቀረ። ሄድፎኑን ገና አልሸጥኩትም፣ ልሸጠው እችላለሁ፣ ሐዋሳ ግን ከአሁን በኋላ ማን ይሄዳል።

የገዛሁት ያለፈው ቅዳሜ ነው። እሑድ ደወልኩ፣ አልተነሣም። ሰኞ ታመነ አንሥቶ "ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እደውላለሁ" አለና አልደወለም። ማክሰኞ ስልኩ ዝግ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት እትዬ ሬስቶራንት ሳሉ፣ ቤቲ ትምህርት ቤት ሳለች፣ እዚሁ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ሄድፎኑን አድርጌ ደወልኩ። አነሣ።

"ሐሊ፣ ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ ሁሉም አማን ነው።"

ምንም ሳልጠይቀው ነው አማን ነው ያለኝ። "እማዬን ስጠኝ" አልኩት። "ዛሬ በደንብ እሰማታለሁ፣ አዲስ ነገር ገዝቻለሁ።"

"ጸሎት ቤት ናት።"

"ረቡዕ ከሰዓት?"

"ልዩ ፕሮግራም አለ። እንግዳ አገልጋይ መጥቷል።"

ከኋላው ሸራ በነፋስ ይመታል። እኛ ቤት ሸራ የለም። አግዳሚ ወንበር መሬት ላይ ይጎተታል፣ አንድ ሳይሆን ብዙ፣ ወንዶች ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ ብዙ ሰው ተቀምጦ ማንም የማያወራበት ዓይነት ድምፅ አለ፣ እንዲህ ያለውን ድምፅ የማያውቅ ሰው የለም። ከዚያ የጎረቤታችን የኩለሱም ድምፅ ከሩቅ በከምባትኛ መጣ፣ "ከሺንሺቾ ለመጡት ለቀስተኞች ቦታ ልቀቁላቸው" ይላል። በእኔ ስልክ ቢሆን ነፋስ ነበር የምሰማው። ነፋስ ሰምቼ፣ ታመነን አምኜ፣ ስልኩን ዘግቼ ሽንኩርት ልከትፍ እሄድ ነበር። አሁን ግን ሁሉንም ሰማሁ፣ እያንዳንዱን ሰማሁ፣ ሃያ አራት ሺህ የከፈልኩበትን ሥራ እየሠራ ነው። መጮህ እችል ነበር፣ ሰምቻለሁ፣ አትዋሸኝ ማለት እችል ነበር። ግን ብቻዬን መሆኔን ፈርተው ነው የሚደብቁኝ፣ አጠገቧ ሰው ሳይኖር እንዳትሰማ ብለው ነው፣ አውቀዋለሁ፣ እኛም ለሌላ ሰው አድርገነዋል። እና "ለእማዬ ሰላም በልልኝ" አልኩት። ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት። አንድ ሰው በሌላ አገር ምራቁን ሲውጥ መስማት ለማንም አያስፈልግም። "እሺ" አለኝ። እሺ ሲለኝ ያልሰማሁትን ሁሉ እሺ ያልኩበት ቀን ሁሉ ተመልሶ መጣ።

ሐሙስ ለእትዬ ተደውሎላቸዋል መሰለኝ፣ ጠዋት ላይ ስሜን አቆላምጠው ጠሩኝ። ሐሊናዬ አሉኝ። ሸሚዝ ተኩሼ አንገትጌውን አቃጥያለሁ፣ "ይሁን፣ ያረጀ ነው" አሉ፣ አላረጀም። ቤቲ ማታ ኩሽና ገብታ አቀፈችኝ፣ አቅፋኝ አታውቅም፣ "ሐሊ፣ አይም ሶ ሶሪ" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። "ለምንድን ነው?" አልኳት። "ለ... ለሸሚዙ። ማሚ ምንም እንዳትዪ ብላኛለች፣ ስለ ሸሚዙ።" ልስቅ ምንም አልቀረኝም። እንዲህ መዋሸት የማይችል ሰው በቤቱ መኖሩ ደስ አለኝ። አርብ እህት ኤልሳቤት "በዚህ ሳልፍ ሰላም ልበልሽ ብዬ" ብለው መጡ፣ ሩንዳ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የሚሠሩት፣ በኪሌሌሽዋ የሚያልፉበት ምክንያት የለም። እትዬ በጎን ጠሯቸውና "ዛሬ አይሆንም፣ ከረቡዕ ወዲህ እህል አልቀመሰችም" ሲሉ ሰማሁ። እህት ኤልሳቤት ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መጀመሪያ አልበላ ያለኝ ጉሮሮዬ ራሱ ነበር፣ ከአርብ በኋላ ግን እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሞቶ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ እሷ ብቻ አልሰማችም፣ ለሌላ ጉዳይ ተብላ ቤታችን ተጠራች። ሽማግሌዎቹ ውጭ ቆመው ሊገቡ ሲሉ እናቴ፣ ያኔ ድምፅ ነበራት፣ በሩ ላይ ቆማ ከለከለቻቸው። "በባዶ ሆዷ አታረዷትም። መጀመሪያ ትብላ፣ ከዚህ በኋላ ስንት ቀን እህል እንደማትቀምስ ማን ያውቃል።" ገብታም ሴትዮዋን በእጇ አጎረሰቻት፣ እየሳቀች፣ ስለ ገበያ እያወራች። ሴትዮዋ "ዛሬ ምን ነክቶሻል፣ ልታፈነጂኝ ነው?" እያለች በላች። እኔ ጥግ ቆሜ እያየሁ ነበር፣ ሳህኑ ባዶ እንዳይሆን እየተመኘሁ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሽማግሌዎቹ ገቡ። እዚህ ናይሮቢም ሕጉ ያው ነው፣ እትዬ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ሳሎን ያሉት ጴንጤዎች ናቸው፣ በዚህ ላይ ግን አይለያዩም። ዛሬ ከሬስቶራንታቸው ጥብስ አስመጥተዋል፣ ለእኔ። ሦስት ጊዜ በሬን አንኳኩተዋል። "ቀመስ አድርጊ እንጂ ልጄ።" "ጠግቤያለሁ እትዬ።" "ምን በልተሽ?" ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በሩ ሲዘጋ ጋሽ ታዴዎስ "ታዲያ ለነገ እናድርገው?" ይላሉ፣ እትዬም "እናንተ ጸልዩ፣ ማብላቱን ለእኔ ተዉት" ይላሉ፣ ከዚያ ሄድፎኑን ደፋሁና ቁልፏን ተጫንኳት። እኔ ካልበላሁ አይናገሩም። ካልተናገሩ አልሞተችም፣ ማለቴ ሞታለች፣ ግን እኔ ዘንድ አልሞተችም፣ እኔ ዘንድ ጸሎት ቤት ናት፣ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ረዘመባት።

እንግዲህ ዋጋው ይገባዋል ወይ? ቤቲ ብትጠየቅ ይገባዋል ትላለች፣ እትዬ አይገባውም ይላሉ። እኔ አላውቅም። እናቴን በሕይወት ሳለች አንድ ቃል አላሰማኝም፣ የረቡዑን ስልክ በአራት ቀን ቀደመችው፣ ምናልባትም በሦስት፣ የሞተችበትን ቀን እንኳ ገና አልተነገረኝም። ማንም እንድሰማ ያልፈለገውን ነገር ግን አጥርቶ አሰማኝ። አሥራ አንድ ቮይስ አለኝ፣ ሁሉንም ሰምቻቸዋለሁ፣ አሁን እያንዳንዱ ጥያቄዋ ይገባኛል። ብርድ አለ ወይ? እዚያ የሚበላው ምንድን ነው? ሴትዮዋ ትቆጣሻለች? አንዱ ላይ ደግሞ "ስልክሽ አይሰማም መሰለኝ፣ እኔ ግን አንቺን እሰማሻለሁ፣ ዝም ብለሽ አውሪ" ትላለች። ለዚህም እሺ ብዬ ነበር። እሺ ብዬ ዝም አልኩ።

ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ከታመነ ቮይስ መጣ። ልተወው አልኩ፣ አልተውኩትም።

"ሐሊ፣ እማዬ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች። እ... ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል፣ ለዚያ ነው ድምፄ። አንቺ ብቻ ብዪ፣ አልበላም ብላለች አሉኝ፣ ለምን አትበዪም? ብዪ እሺ?"

ጉንፋን አይደለም። ያ ሁልጊዜ የሚጮኸው ወንድሜ ድምፅ አልቆበታል፣ ሳምንት ሙሉ ለቀስተኛ ፊት ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው። ወሬው ካለቀ በኋላ ቶሎ አላጠፋውም፣ አፍንጫው ይሰማል፣ አንድ ሰው "ነገርካት?" ይለዋል፣ እሱም "ገና ነው" ይላል። ገና ነው። ለሰው ሁሉ እያለቀሰ ለእኔ ግን ሰላም ብላሻለች እያለ ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ስልኩን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ይሄድና ድምፁን ያስተካክላል፣ እናታችንን ለእኔ በሕይወት ያቆያታል፣ ብቻውን። ከእናታችን የወጣነው ሁለት ነን። አብሮት ሊያለቅስ የሚችለው ሌላው ሰው እዚህ ተኝቶ ጥብስ አልበላም ይላል። እኔ አንድ ቀን በጾምኩ ቁጥር እሱ አንድ ቀን ይዋሻል።

ተነሣሁ። ሄድፎኑን አወለቅሁት፣ ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸብኝ፣ መኪናው፣ ዘበኛው፣ ፍሪጁ። ኩሽና ስገባ እትዬ ምድጃው አጠገብ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ሲያዩኝ ሽንኩርት ነው ለማለት ዙሪያቸውን አዩ፣ ሽንኩርት አልነበረም።

"እትዬ፣ ራበኝ።"

ነጠላቸውን ለቀቁ። "እሰይ የኔ ልጅ" አሉ ቀስ ብለው፣ ሳህኑን ሲያወርዱ ከሌላው ሳህን ጋር እያንቀጫቀጩት። ጥብሱን አሞቁ፣ እንጀራውን ዘረጉ፣ ሳሎን ካሉት ሰዎች ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። እህት ኤልሳቤት ቆመው ሳሙኝ። "ብዪ፣ ብዪ፣ እኛን አትዪን" አሉ። ቤቲ በሩ ላይ ናት፣ እያየችኝ ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ አልወርድ አለኝ፣ በውሃ አወረድኩት። ሁለተኛው ይሻላል። ጋሽ ታዴዎስ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ዘንድሮ ናይሮቢ ዝናቡ በዛ ይላሉ፣ ሽማግሌውም አዎ በዛ ይላሉ፣ እኔም በዛ እላለሁ። እያኘክሁ ነው። ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ቃሪያው ያቃጥላል፣ ዓይኔን ቢያስለቅሰኝ በቃሪያው ነው። እየሄደ ነው፣ የሳህኑ አበባ መታየት ጀምሯል። የጋሽ ታዴዎስ ወሬ አለቀባቸው። እትዬ ከኋላዬ መጥተው ወንበሬን ይዘው ቆሙ። አንድ ጉርሻ ቀርቷል። ጠቀለልኩት፣ አነሣሁት።